መጠይቃችን በማን ቋንቋ ይጠይቃል?

የድኅረ ምረቃ መመረቂያ ጽሑፎችን ምዕራፍ ሦስት የሚያነብ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ነው። በቅድሚያ የጥናቱ ንድፍ ይገለጻል፤ ቀጥሎ የናሙናው መጠን በታሮ ያማኔ ወይም በሌላ ቀመር ይሰላል፤ የናሙናው አመራረጥ ዘዴም ይብራራል። ከዚያ በኋላ «መረጃው የተሰበሰበው በመጠይቅ ነው» ይባልና ስለ መጠይቁ የሚሰጠው ማብራሪያ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል፤ መጠይቁ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ፣ ኋላም ለመላሾች ግልጽ እንዲሆን ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ናሙናው ለምን 384 እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ገጽ የሚጽፍ ተመራማሪ፣ እነዚያ 384 ሰዎች በምን ቃል እንደተጠየቁ ለመግለጽ ግን ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። ናሙናው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ፣ ጥያቄው ተጠያቂው ዘንድ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ከያዘ የሚገኘው ቁጥር የማንንም ሐሳብ አይለካም። ስለ መጠይቅ ዝግጅት በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክሮች፣ ማለትም ጥያቄው አጭር ይሁን፣ ሁለት ሐሳብ በአንድ ጥያቄ አይታጨቅ፣ መልሱን የሚጠቁም አይሁን የሚሉት፣ ሁሉም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ምክሮቹ መጠይቁ የሚዘጋጅበትና የሚጠየቅበት ቋንቋ አንድ እንደሆነ አስቀድመው የሚገምቱ ናቸው። በእኛ ሁኔታ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረውም በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጠይቅ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚተረጎም ሰነድ መሆኑ ቀርቶ፣ ከመጀመሪያው በተጠያቂው ቋንቋ መታሰብና መጻፍ፣ በዚያው ቋንቋም መገምገም አለበት። ምሳሌዎቹ ከአማርኛ የተወሰዱ ቢሆኑም ሐሳቡ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማሊኛ ለሚጠይቅ ተመራማሪም የሚሠራ ነው።

የመጠይቁ ጉዞ

አንድ የተለመደ መጠይቅ የሚያልፍበትን መንገድ እንመልከት። ተማሪው ቀደም ሲል በእንግሊዝኛ ከታተሙ ጥናቶች ጥያቄዎችን ይመርጣል፤ ለርእሱ እንዲስማሙም ያስተካክላቸዋል። አማካሪው የእንግሊዝኛውን ቅጂ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። የንድፈ ጥናት ግምገማ ኮሚቴውም የሚያየው ይህንኑ ቅጂ ነው። የመስክ ሥራው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ትርጉሙ በጥድፊያ ይሠራል። በመጨረሻም መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቅጹን ይዘው ወደ ቀበሌው ይወጣሉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ተጠያቂዎች ደግሞ ጥያቄውን በቃል፣ በየራሳቸው አነጋገር ያቀርባሉ።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ከፍተኛ ምርመራ የተደረገለት ማንም ሰው የማይጠየቅበት ቅጂ ነው። ተጠያቂው የሚሰማው ቅጂ ግን በማንም አልተመረመረም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መረጃ ሰብሳቢዎቹ የእንግሊዝኛውን ቅጽ ይዘው በቆሙበት እየተረጎሙ ሲጠይቁ የሚፈጠረው ነው። አምስት መረጃ ሰብሳቢዎች ካሉ አምስት መጠይቆች አሉ ማለት ነው፤ አንዳቸውም በጽሑፍ ስላልተመዘገቡ ልዩነታቸውን ኋላ ማወቅ አይቻልም። በትንተናው ላይ በሁለት ቀበሌዎች መካከል የታየው «ጉልህ ልዩነት» የቀበሌዎቹ ይሁን የጠያቂዎቹ አነጋገር የሚለይበት መንገድ የለም። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚሉት ለዳኝነት ብቻ የሚያገለግል አባባል አይደለም።

«በጣም አልስማማም» ምን ማለት ነው?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሬንሲስ ሊከርት የአመለካከት መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያሳትም ዘዴውን የሞከረው በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነበር። ዛሬ ያ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ በየመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ይገኛል። የተለመደው የአማርኛ ትርጉሙም የሚከተለው ነው፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ከብዙ ድግግሞሽ የተነሣ ይህን ዝርዝር ቆም ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው።

በአማርኛ «በጣም» የሚለው ቃል ከአሉታዊ ግስ ጋር ሲገባ የሚሰጠው ትርጉም ከአዎንታዊው የተለየ ነው። «ቤቱ በጣም አይርቅም» የሚል ሰው ቤቱ እጅግ ቅርብ ነው ማለቱ አይደለም፤ ይርቃል፣ ነገር ግን ያን ያህል አይደለም ማለቱ ነው። «ዘንድሮ ዝናቡ በጣም አልዘነበም» ቢባልም ጭራሽ አልዘነበም ተብሎ አይተረጎምም። በዚሁ መንገድ «በጣም አልስማማም» የሚለው ሐረግ ለብዙ ጆሮ «እስማማለሁ፣ ግን በጣም አይደለም» የሚል ስሜት ይሰጣል። ከፊሉ ተጠያቂ በዚህ መንገድ፣ ከፊሉ ደግሞ ተመራማሪው ባሰበው መንገድ ቢረዳው፣ በመዝገቡ ላይ 1 የሚለው ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን በአንድነት ይይዛል። ለሐሳቡ ግማሽ ድጋፍ ያለው ሰው በቁጥሩ የመጨረሻው ተቃዋሚ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አማካዩ እስከ ሁለት የአሥርዮሽ ቤት ቢሰላ ስሕተቱን ያሳምረው እንደሆነ እንጂ አያርመውም።

«ገለልተኛ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ገለልተኛ የሚባለው በሁለት ወገኖች ጠብ ውስጥ ያልገባ ሽማግሌ ወይም ዳኛ ነው። ስለ መስኖ ውኃ ክፍፍል የተጠየቀ ገበሬ ጉዳዩን ስለማያውቀው፣ አስቦበት ስላልወሰነ ወይም መናገር ስላልፈለገ ዝም ሊል ይችላል፤ ሦስቱም ሁኔታዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ገለልተኛነት አይደሉም። በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተጨመሩ በኋላ መለየት አይቻልም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። «በጣም አልስማማም» በሚለው ፈንታ «ፈጽሞ አልስማማም» ማለት ይቻላል። በቃል ለሚጠየቁ ሰዎች ደግሞ ጥያቄውን በሁለት ደረጃ መክፈል የተሻለ ነው፦ በቅድሚያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ «ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በከፊል?» ብሎ ማስከተል። «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉት መልሶች ለየብቻቸው ቦታ ይሰጣቸው።

የአሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች ጉዳይም ከዚህ የሚለይ አይደለም። የመላሾችን ትኩረት ለመፈተን በሚል ጥቂት ጥያቄዎችን በአሉታ ማቅረብ የተለመደ ምክር ነው። በአማርኛ ግን «የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በወቅቱ አይመጣም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ በአሉታ ላይ አሉታ መደረብ ይሆናል። በቃል ሲጠየቅ የባሰ ይወሳሰባል። «አይመጣም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ቢል «አዎ፣ አይመጣም» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «አይ» ቢል ደግሞ «አይ፣ ይመጣል» ይሁን «አይ፣ አይመጣም» መረጃ ሰብሳቢው በግምት ይሞላዋል።

እዚህ ላይ «የመልስ ትርጉም ይህን ስሕተት አያጋልጥም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ይህ ዘዴ፣ ማለትም ወደ አማርኛ የተተረጎመውን በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር፣ በብዙ ጥናቶች የጥራት ማረጋገጫ ተደርጎ ይቀርባል። ዘዴው የተዘለለ ወይም የተሳሳተ ቃል ለማግኘት ይጠቅማል። ነገር ግን ቃል በቃል የተተረጎመ ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ልክ ሆኖ ይመለሳል። «በጣም አልስማማም» የሚለውን የተቀበለ ተርጓሚ፣ የተለመደውን የመለኪያ ዝርዝር ስለሚያውቀው፣ ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ትክክለኛው የእንግሊዝኛ ሐረግ ይመልሰዋል። ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሐረጉን የሚረዱትም ከጀርባው ባለው እንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛ የማያውቀው ተጠያቂ ምን እንደሚሰማ በዚህ ፈተና አይታወቅም።

ረጅሙ ጥያቄ እና የመጨረሻው ግስ

አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ጊዜው፣ ምክንያቱ፣ ባለቤቱና ተሳቢው ሁሉ ከግሱ በፊት ይሰለፋሉ። በጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ ተመልሶ ማንበብ ይችላልና። በቃል ለሚሰማ ሰው ግን ወሳኙ ነገር በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያ የተነገረው ገደብ ከአእምሮው ሊወጣ ይችላል።

በአገራችን ጥናቶች ውስጥ በስፋት የሚሠራበትን የቤተሰብ የምግብ ዋስትና መለኪያ እንውሰድ። መለኪያው ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። የመጨረሻው ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ያለ መልክ ይይዛል፦ «ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ፣ በቤት ውስጥ በቂ ምግብ ባለመኖሩ ምክንያት፣ እርስዎ ወይም ሌላ የቤተሰብዎ አባል ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይበላ የዋለበትና ያደረበት ጊዜ ነበር?» ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጆሮ የሚቀረው «ምንም ሳይበላ የዋለበትና ያደረበት» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ኦርቶዶክሳውያን በሚበዙበት ገጠር ቢጠየቅ ምን ይከተላል? በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ የሚያከፍሉ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ምእመናን ብዙ ናቸው። «በቂ ምግብ ባለመኖሩ ምክንያት» የሚለውን ገደብ ያላስተዋለች እናት «አዎ» ብላ እውነቷን ትመልሳለች። በመዝገቡ ላይ ግን አክፍሎቷ በመለኪያው ከፍተኛ ከሚባለው የምግብ እጦት ደረጃ ያስመድባታል። በ24 ሰዓት ውስጥ የተበሉ የምግብ ዓይነቶችን የሚቆጥሩ ጥያቄዎችም በዐቢይ ጾም ቢጠየቁ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አለመብላትን ከድህነት ጋር ያምታታሉ።

ጥያቄውን በአማርኛ አስቦ የሚጽፍ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ይከፍለዋል፦ «አሁን የምጠይቅዎ ስለ ጾም አይደለም፤ እህል ስለማጣት ነው። ባለፉት አራት ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ ያውቃል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ፦ «ከዚህ የተነሣ ከቤተሰቡ ውስጥ ቀኑንም ሌሊቱንም ሳይበላ የዋለና ያደረ ሰው ነበር?» በቅጹ ላይም ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን የጾም ወቅት መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን የአገሩን የኑሮ ሥርዓት የጥያቄው መነሻ ማድረግ ነው።

ዘመን፣ መስፈሪያ፣ ቤተሰብ

«ባለፉት 12 ወራት» የሚለው ሐረግ ዓመቱ 13 ወር ለሆነበት ሰው እንግዳ ነው። «ባለፈው ዓመት» ማለትም አያዋጣም፤ በጥቅምት የተጠየቀ ሰው ባለፈው ዓመት ሲባል በጳጉሜን የተፈጸመውን ዘመን ያስባል እንጂ ከዛሬ ወደ ኋላ አንድ ዓመት አይቆጥርም። «ካለፈው ዓመት መስቀል ወዲህ» ወይም «ካለፈው ፋሲካ ወዲህ» ብሎ በሚታወቅ በዓል መነሻ መስጠት ትውስታን ያግዛል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የዘመን አቆጣጠሩን ያከበረ ነው፤ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠይቀው በመረጃ ፋይሎቹም ውስጥ በዚያው ተቀምጠዋል፤ የመለወጡ ሥራ የተንታኙ ነው። ሸክሙ መሆን ያለበትም በተንታኙ ላይ ነው። በታብሌት መረጃ የሚሰበስቡ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራውን ቅጽ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ቀኑንም ሰዓቱንም በቃሉ እየለወጠ ይሞላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለው 2 ተብሎ ቢገባ የሚያርመው የለም።

መስፈሪያም እንዲሁ ነው። ገበሬ መሬቱን በሄክታር አያስብም፤ በጥማድ ያስባል። ጥማድ ደግሞ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት እንደመሆኑ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይለያያል። «ስንት ሄክታር አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ስሌቱን ለተጠያቂው መተው ነው። የሚሻለው በሚያውቀው መስፈሪያ ጠይቆ፣ በዚያ ቀበሌ አንድ ጥማድ ስንት እንደሚሆን ጥቂት ማሳዎችን በመለካት ማረጋገጥ ነው። ለእህልም ቁና፣ ጣሳና ማዳበሪያ እየተባለ የሚጠራው ጆንያ የየአካባቢው መጠን አላቸው።

«የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ቀላል የሚመስለው፣ ግን ከሁሉም አሻሚ የሆነው ጥያቄ ነው። ቤተሰብ ሲባል አንዱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን፣ ሌላው ዐረብ አገር የሄደችውን ልጁን ጨምሮ፣ ሦስተኛው ወላጆቹንና ወንድሞቹን ሁሉ ይቆጥራል። ከላይ የጠቀስሁት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ልጆች ሲጠይቅ የሚከተለው ስልት ሊቀዳ የሚገባው ነው። «ስንት ልጆች ወልደዋል?» ብሎ በአንድ ጥያቄ አያልፍም፤ አብረው የሚኖሩ ወንዶች፣ አብረው የሚኖሩ ሴቶች፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ወንዶች፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ሴቶች፣ በሕይወት የሌሉም እየተባለ ተራ በተራ ይጠየቃል፤ ድምሩ በመጨረሻ ይረጋገጣል። አንዱ ረጅም ጥያቄ ወደ ብዙ አጫጭር ጥያቄዎች ሲከፈል የተረሳው ይታወሳል፤ መናገር የሚከብደውም ቦታ ያገኛል።

ይሉኝታ እና የአስተማማኝነት ቁጥር

እስካሁን የተነገረው ስለ ጥያቄው ነበር። መልሱም የራሱ ባህል አለው። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ተብለው የተጠየቁ አዛውንት «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢሉ ምስጋና አቀረቡ እንጂ የጤና ሁኔታቸውን አልተናገሩም። ደጃፍ ድረስ ለመጣ እንግዳ፣ በተለይም የቀበሌው ሊቀ መንበር ይዞት ለመጣ እንግዳ፣ «የሚሰጠን አገልግሎት መጥፎ ነው» ማለት ይከብዳል። ጠያቂው ከግብር ወይም ከዕርዳታ ምዝገባ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆናል የሚለው ሥጋትም አለ። ስለዚህ «እስማማለሁ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የይሉኝታ መልስ ነው።

አስገራሚው ነገር ይህ ይሉኝታ በስታቲስቲክስ ፈተናችን ላይ እንደ ጥራት መቆጠሩ ነው። ሊ ክሮንባኽ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ይለካል፤ ከ0.70 በላይ ከሆነ መጠይቁ አስተማማኝ ነው ብለን እንጽፋለን። ነገር ግን ከፊሉ ተጠያቂ ይዘቱን ሳይመዝን ለሁሉም «እስማማለሁ» ካለ፣ መልሶቹ አብረው ስለሚሄዱ አልፋው ከፍ ይላል። ቁጥሩ የሚያሳየው መልሶቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸውን ነው፤ ስለምን እንደተመለሱ አያሳይም። አስተማማኝነት የተገቢነት ምትክ ሊሆን አይችልም።

ይሉኝታን ማጥፋት አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ጥያቄውን ከአስተያየት ወደ ድርጊት በማዛወር ግን ጫናውን መቀነስ ይቻላል። «በግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ረክቻለሁ» ለሚል ዓረፍተ ነገር የስምምነት ደረጃ ከመጠየቅ ይልቅ፦ «በዚህ መኸር የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳዎ ድረስ መጥቶ ነበር? ስንት ጊዜ? በመጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ያን ቀን ምን መከረዎ? ምክሩን ሠሩበት?» ማለት ይሻላል። እነዚህን ለመመለስ ማንንም ማመስገንም ማማትም አያስፈልግም። አክብሮትም የጥያቄው አካል ነው፤ በዕድሜ የገፉትን «እርስዎ» ወይም እንደ አካባቢው «አንቱ» ማለት መልስ የሚያገኝበትን በር ይከፍታል፤ ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የመጣ «አንተ» ግን ገና ሳይጀመር ሊዘጋው ይችላል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የመመረቂያ ጽሑፉ ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ መጠይቁም በእንግሊዝኛ መጀመር አለበት የሚል ነው። ጽሑፉ የሚቀርብበት ቋንቋ ግን መረጃው ከሚሰበሰብበት ቋንቋ ጋር አንድ መሆን የለበትም። በአማርኛ ተጽፎ የተፈተነ መጠይቅ ለአንባቢ ሲባል ወደ እንግሊዝኛ ሊተረጎም ይችላል። በዚያ አቅጣጫ የሚፈጠር ስሕተት አንባቢን ቢያደናግር እንጂ መረጃውን አያበላሽም።

ሁለተኛው፣ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ከተነኩ ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር አይቻልም የሚል ነው። ይህ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ንጽጽር የሚኖረው ተመሳሳይ ነገር ሲለካ ነው። አክፍሎትን እንደ ረኀብ የቆጠረ መለኪያ ቃሉን ስለጠበቀ ብቻ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ትክክለኛው መንገድ የተደረገውን ለውጥ ከነምክንያቱ በግልጽ መመዝገብ ነው።

ሦስተኛው የጊዜና የገንዘብ እጥረት ነው። የተማሪ በጀት ጠባብ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከ384 ሰዎች የተሳሳተ መልስ ለመሰብሰብ የሚወጣው አበል፣ ጥያቄውን አስቀድሞ በጥቂት ሰዎች ለመፈተን ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

ለተማሪው፣ ለአማካሪውና ለትምህርት ክፍሉ የሚቀርቡት ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የመጠይቁ የመጀመሪያ ረቂቅ በሚጠየቅበት ቋንቋ ይጻፍ። ከሌላ ጥናት የተወሰደ መለኪያ ከሆነም ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ከማሸጋገሩ በፊት «ይህ ጥያቄ ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያንኑ በአገሩ አነጋገር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከሙከራ ጥናቱ በፊት ከስምንት እስከ አሥር ከሚሆኑ፣ ተጠያቂዎቹን ከሚመስሉ ሰዎች ጋር ውይይት ይደረግ። ጥያቄው ከተነበበ በኋላ «ይህን ጥያቄ በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝ? ሲመልሱ ምን አሰቡ?» ይባሉ። የሙከራ ጥናት በተለመደው መልኩ አልፋን ለማስላት ብቻ ስለሚደረግ ሰዎቹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት አይነግረንም። ይህ ውይይት ግን ይነግረናል፤ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።

ሦስተኛ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች የሚሰለጥኑት ጥያቄውን በተጻፈበት ቃል ማንበብ እንዲችሉ ነው። ተጠያቂው ካልገባው የሚሰጠው ማብራሪያም አስቀድሞ ተስማምተውበት ይጻፍ። በቆሙበት መተርጎም አይፈቀድ።

አራተኛ፣ የግምገማ ኮሚቴው በእንግሊዝኛው ቅጂ ብቻ አይወስን። ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር ቢያንስ አንድ አባል የመስኩን ቅጂ ያንብብ። በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪም ሰዎች በእርግጥ የተጠየቁበት ቅጂ፣ ከውይይቱ በኋላ የተለወጡ ጥያቄዎች ዝርዝር ጋር፣ ይቀመጥ። ተከታዩ ተማሪ ከዜሮ እንዳይጀምር የሚረዳውም ይኸው ነው። እየተሻሻሉ የሚሄዱ የአማርኛ መለኪያዎች ክምችት ሊኖረን የሚችለው ቅጂዎቹን ስናስቀምጥ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ገበሬ ለመጠይቅ አንድ ሰዓት ሲሰጥ ከእርሻው፣ አንዲት እናት ስትሰጥ ከልጆቿና ከጓዳዋ ቀንሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው የለም፤ ውጤቱም ተመልሶ አይነገራቸውም። ያ ሰዓት የሚያጸድቀው አንድ ነገር ቢኖር የተናገሩት ነገር እንደተናገሩት መመዝገቡ ነው። በጥድፊያ በተተረጎመ ቅጽ ተጠይቀው፣ ያላሰቡትን እንዳሰቡ ተደርጎ ሲጻፍባቸው፣ የጥናቱ መደምደሚያና ለወረዳው የሚቀርበው ምክረ ሐሳብ በእነርሱ ስም የተሠራ የሌላ ሰው ግምት ይሆናል። ስለዚህ የናሙና ቀመሩ በሚገመገምበት ጥብቅነት የጥያቄው ቃልም ይገምገም፤ ግምገማውም ጥያቄው በሚነገርበት ቋንቋ ይሁን።